ክረምት የማያፈርሰው ቀዳዳ

ይሄ ከጭስ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚይዝ ዱቄት ቅዳሜ ከሰዓት ኮዬ ፈጬ አንድ የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ ያወራሁት ነው። ስልክ ላይ ከተቀዳው እየሰማሁ ነው የጻፍኩት፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፄ የጠፋበት ቦታ ነበር እሱን ከማስታወሻዬ ሞላሁት፣ የቀረውን እንዳወራሁት ትቼዋለሁ። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ጭቃ ስለመጣችሁ ከልቤ ነው የማመሰግነው። ተማሪ ብቻ ነው የሚመጣው ተብዬ ነበር የተዘጋጀሁት፣ እናቶችና አባቶች ቁጭ ብላችሁ ሳይ በጣም ደስ አለኝ፣ ስለዚ የማይገባ ነገር ከተናገርኩ እጅ አውጡና አስቁሙኝ።

በሲሚንቶ ልጀምር። እዚ ሰፈር ቤት ሲሠራ ያላየ መቼም የለም። ሲሚንቶ ገዛችሁ እንበል፣ ከዛ ግንበኛው ቀረ ወይ ብሩ አለቀ፣ ከረጢቱን በረንዳ ላይ ሸራ አልብሳችሁ ክረምቱን አሳለፋችሁት። መስከረም ላይ ስትከፍቱት ምን ታገኛላችሁ? ድንጋይ። ማንም ውሃ አላፈሰሰበትም እኮ፣ ዝናብም አልነካውም፣ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ብቻ ነው ቀስ እያለ ገብቶ ይሄን ሁሉ የሠራው። ይቺን ያዙልኝ፣ የዛሬ ወሬዬ በሙሉ እሷ ላይ ነው የሚዞረው፣ ዓይን የማያየው ውሃ ዱቄትን ምን ያደርገዋል የሚለው።

ሲሚንቶን ያነሳሁበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ሲሚንቶ ከኖራ ድንጋይ ነው የሚሠራው፣ ድንጋዩ ከሸክላ አፈር ጋ ተፈጭቶ እቶን ውስጥ ይገባና እስከ 1,450 ዲግሪ ይግላል። ሲግል ድንጋዩ ውስጥ ታስሮ የኖረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ምድርን የሚያሞቀው ጋዝ፣ ይለቀቃል። ንፁህ የኖራ ድንጋይ 100 ኪሎ ብታቃጥሉ 56 ኪሎው ኖራ ሆኖ ይቀራል፣ 44 ኪሎው ጋዝ ሆኖ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ግማሽ ለመሙላት ምን ቀረው! ይሄ ደግሞ የነዳጁ ጭስ አይደለም፣ የድንጋዩ የራሱ ነው፣ እቶኑን ከግድብ በመጣ መብራት ብታግሉት እንኳን ያ 44 ኪሎ አይቀርም። የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ 7 ወይ 8 እጁ ከሲሚንቶ ነው ይባላል በዓለም ደረጃ። የኛ አገር መብራት በአብዛኛው ከውሃ ነው፣ ስለዚ እኛ ጋ ትልቁ ጭስ ማውጫ የት ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ወደ ሙገር፣ ወደ ደርባ፣ ወደ ለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ነው የማመለክታችሁ። ቤት መሥራት ደግሞ አናቆምም፣ ማቆምም የለብንም፣ ልጆቻችን የት ይደሩ?

እንግዲህ የሚቀረው መንገድ ጋዙን ጭስ ማውጫው አፍ ላይ መያዝ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ አሚን በሚባል ኬሚካል ጭሱን አጥቦ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መያዝ በ1930 ፓተንቱ የወጣ ነገር ነው። አሚኑን ውሃ ውስጥ ትበጠብጡታላችሁ፣ ጭሱን ታሳልፉበታላችሁ፣ ጋዙ ይያዛል፣ ከዛ 120 ዲግሪ አካባቢ ድረስ አሙቃችሁ ታስለቅቁታላችሁ፣ እንደገና ትጠቀሙበታላችሁ። ይሠራል። ችግሩ ፈሳሹ ውስጥ አሚኑ 30 ከመቶ ገደማ ነው፣ የቀረው ውሃ ነው፣ በየዙሩ ያንን ሁሉ ውሃ ነው የምታሞቁት። ለአንድ ሲኒ ቡና በርሜል ሙሉ ውሃ እንደማፍላት በሉት። ፋብሪካ ያንን ወጪ አይቶ ነው የሚሸሸው።

ለዛ ነው ሰዉ ፊቱን ወደ ዱቄት ያዞረው፣ ቀዳዳ ያለው ጠጣር ነገር። አዲስ ጫማ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የምታገኟት ትንሽ ከረጢት አለች አይደል፣ ፍሬ ፍሬ ነገር ያለባት፣ እሷ እርጥበት የምትይዘው ውስጧ ሙሉ ቀዳዳ ስለሆነች ነው። አያያዙ ስፖንጅ ውሃ እንደሚጠጣው አይደለም፣ የቀዳዳው ግድግዳ ላይ ጋዙ ይለጠፋል፣ ትንሽ ስታሞቁት ይላቀቃል። ብዙ ግድግዳ ካለ ብዙ ጋዝ ይለጠፋል፣ በቃ። እንጀራ ዓይኑ ሲበዛ ወጥ የሚይዘው ነገር፣ እሱን አስቡት፣ ግን ይሄኛው ዓይን የአንድ ፀጉር ውፍረት ላይ ብትደረድሩት ከ50 ሺ በላይ የሚሆን ነው።

ዛሬ የማወራላችሁ ዱቄት ስሙ ሜታል ኦርጋኒክ ፍሬምወርክ ነው፣ እኛ ላብ ውስጥ ሞፍ እያልን ነው የምንጠራው። ምን እንደሆነ ለማወቅ ከዚ አዳራሽ ወጣ ብላችሁ ማዶ ያለውን ፎቅ እዩት። ዙሪያውን በአጣና ተወጥሮ ቆሟል አይደል? አጣናዎቹ አሉ፣ አጣናዎቹ የሚታሰሩበት መጋጠሚያ አለ፣ መሀሉ ባዶ ነው። ሞፍም እንደዛው ነው። መጋጠሚያው ብረት ነው፣ ዚንክ ወይ መዳብ ወይ ዚርኮኒየም። አጣናው ካርቦን ያለበት ሞለኪውል ነው። መሀሉ ያለው ባዶ ቦታ ነው ጋዙ የሚገባበት። አንድ ልዩነት አለው፣ ሞፍን ማንም በእጁ አያስረውም፣ ሁለቱን አሟሙታችሁ ስታሞቋቸው ራሳቸው እየተያያዙ ይቆማሉ፣ ያውም አንድም ሳይዛነፍ።

የሐሳቡ አመጣጥ ሁሌ ነው የሚገርመኝ። ሪቻርድ ሮብሰን የሚባል የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ መምህር በ1974 ለተማሪዎቹ የሞለኪውል ሞዴል ሊሠራ የእንጨት ኳሶች ላይ ቀዳዳ ማስበሳት ነበረበት። ቀዳዳዎቹ የት የት እንደሚበሱ ለሠራተኛው ምልክት ሲያደርግ፣ ኳሱ ላይ ያለው የቀዳዳ አቀማመጥ ራሱ የሚሠራውን ቅርጽ እንደሚወስን አስተዋለ። ማለት የመጋጠሚያው ቅርጽ ከታወቀ ቤቱ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው በሥራ የሞከረው፣ በ1989 አሳተመው። ጃፓን ውስጥ ሱሱሙ ኪታጋዋ በ1997 እንዲህ ያለ ነገር ጋዝ አስገብቶ ማስወጣት እንደሚችል አሳየ። ኦማር ያጊ ደግሞ በ1999 ሞፍ-5 የሚባለውን ሠራ፣ ዚንክ መጋጠሚያ ያለው። ሦስቱ በ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

ስለ ያጊ አንድ ነገር ልበላችሁ፣ ከርዕሱ ብዙም አልወጣም። አማን ዮርዳኖስ ነው የተወለደው፣ ከፍልስጤም ተሰደው ከሄዱ ቤተሰቦች፣ ከከብት ጋ በሚጋሩት ቤት ውስጥ ነው ያደገው፣ የቧንቧ ውሃ በሳምንት ወይ በሁለት ሳምንት አንዴ ነበር ለጥቂት ሰዓት የሚመጣላቸው። እዚ የተቀመጣችሁ ሌሊት ተነስታችሁ ጀሪካን የምትሞሉ ሰዎች ይሄን ለናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም። ያ ልጅ አድጎ ከበረሃ አየር ውስጥ ውሃ የሚለቅም ሞፍ ሠራ። ይሄን ሳስብ ፈረቃ ጠብቆ ውሃ የሚቀዳ ልጅ ሁሉ በዓይኔ ይመጣል።

እሺ ወደ ግድግዳው ልመለስ። አንድ ግራም ሞፍ፣ በሻይ ማንኪያ ጫፍ የምትይዟት፣ የውስጧ ግድግዳ ሁሉ ተዘርግቶ ቢለካ ሪከርድ የያዙት ከ7,000 ካሬ ሜትር ያልፋሉ። በኛ ሰፈር ቋንቋ 35 ባለ 200 ካሬ ቦታ ማለት ነው በአንድ ግራም ውስጥ! ይሄን መጀመሪያ ስሰማ እኔም እንደናንተ ነው አፌን የከፈትኩት። ግን ቆይቼ ስማር ይሄ ቁጥር ብዙ ሰው እንዳሳሳተ ገባኝ፣ እኔንም ጨምሮ።

እኔን ያነቃኝ ነሐሴ ነው። ተማሪ እያለሁ ሞፍ-5 ሠራሁ። ለሳምንታት ስለፋ ቆይቼ ብልቃጡ ግድግዳ ላይ መስታወት የመሰሉ ኩብ ኩብ ክሪስታሎች ሲያድጉ ሳይ የተሰማኝን ደስታ አሁንም አልረሳውም። የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ማሽኑን፣ የክሪስታሉን አደራደር የሚያሳየውን፣ ተራ አግኝቼ ለካሁት፣ ልክ መጻሕፍቱ ላይ እንዳለው መጣ፣ የግራፉ የመጀመሪያ ጫፍ 6.9 ዲግሪ አካባቢ፣ የሙቀት ሳይሆን የማዕዘን ዲግሪ ነው። ከዛ የጋዙን መለኪያ ተራ ስጠብቅ ዱቄቱን በደንብ ባልተከደነ ብልቃጥ ውስጥ ትቼው ሄድኩ፣ ውጪ ዝናብ ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ማንም ተጠንቀቂ ያለኝ የለም። ስመለስ ሲታይ ነጭ ዱቄት ነው፣ ምንም የሆነ አይመስልም። ስለካው ግን አሮጌው ጫፍ ደክሟል፣ 8.9 ዲግሪ ላይ አዲስ ጫፍ ወጥቷል፣ ቀዳዳው ተደፍኗል፣ ጋዝ አይዝም። አለቀስኩ። ሲሚንቶው ከረጢት ውስጥ የደረሰበት ነገር ነው የደረሰበት፣ ውሃ ሳይፈስበት።

ምን እንደሆነ በአጣናው ላሳያችሁ። ክረምት ሲመጣ ስካፎልዲንጉ ላይ የሚበሰብሰው የቱ ነው? አጣናው አይደለም ቶሎ የሚሄደው፣ ማሰሪያው ነው፣ ሽቦው ይዝጋል ሚስማሩ ይላላል። ሞፍም ላይ ውሃ የሚያጠቃው መጋጠሚያውን ነው። የውሃ ሞለኪውል ኦክስጅን አለው፣ ኦክስጅኑ ብረት ይወዳል፣ ይመጣና የአጣናውን ጫፍ ገፍቶ እሱ ቦታው ላይ ይቀመጣል። አንዱ አጣና ሲለቅ ቀጥሎ ያለውም ይላላል፣ እንዲ እንዲ እያለ ቤቱ ይተኛል።

ስለዚ ውሃ የሚችል ሞፍ ዲዛይን እናድርግ ስንል ሥራው መጋጠሚያው ላይ ነው። አንደኛው መንገድ ብረቱንና አጣናውን በባህሪ ማጋባት ነው። ራልፍ ፒርሰን በ1963 ያወጣው አንድ መርህ አለ፣ ጠንካራ ከጠንካራ ለስላሳ ከለስላሳ ጋ ይጣበቃል የሚል፣ እዚ ላይ ጠንካራ ሲባል ሲነካ የሚጠነክር ማለት አይደለም፣ ትንሽ ሆኖ ብዙ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የተሸከመ ማለት ነው። ዚርኮኒየም አራት ቻርጅ አለው፣ ኦክስጅን ካለበት አጣና ጋ ሲያያዝ ውሃ መሀላቸው መግባት ይከብደዋል። ዚንክ ግን ሁለት ብቻ ነው፣ ከኦክስጅን ጋ ሲያያዝ ልል ነው፣ የኔን ሞፍ-5 ያፈረሰው እሱ ነው፣ ናይትሮጅን ካለበት አጣና ጋ ግን በጣም ይስማማል። ያው ብረት፣ ሌላ ትዳር።

ሁለተኛው አጣናውን ማብዛት ነው። በ2008 ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዩአይኦ-66 አንዱ የዚርኮኒየም መጋጠሚያ ላይ 12 አጣና ነው የሚያርፈው። አንዱ ቢላላ 11ዱ ይይዙታል፣ የላላውም ተመልሶ ቦታው ይገባል። የሱ አጣና ምን መሰላችሁ? ቴሬፍታሊክ አሲድ ይባላል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ከሚሠራባቸው ሁለት ነገሮች አንዱ ነው። እዚ ቦይ ውስጥ ተጥሎ ጎርፍ የሚዘጋብን ሃይላንድ! ጠርሙሱን መልሶ በኬሚካል በትኖ አጣናውን ከውስጡ ማውጣት ይቻላል፣ ሞፍ የሠሩበትም አሉ። ይሄን ለተማሪዎቹ ነው የምናገረው፣ ጥሬ ዕቃው ሩቅ አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ መጋጠሚያው አጠገብ ውሃ የማይወድ ነገር አስቀምጦ መከለል ነው፣ ዘይት እንደተቀባ ምጣድ። በ2006 የወጣው ዚፍ-8 የሚባል ሞፍ እንዲ ያለ ነው፣ የፈላ ውሃ ውስጥ 7 ቀን አቆዩት ምንም አልሆነም። ሁሉም ሰው 'በቃ፣ ተገኘ' አለ።

ግን አምቦ ውሃን አስቡት። አምቦ ስትከፍቱ የሚፈላው ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ምላስ ላይ የሚቆነጥጠው ደግሞ ጋዙ ከውሃው ጋ ሆኖ ደካማ አሲድ ስለሚሠራ ነው። ንፁህ ውሃ ለብቻው ሌላ ነው፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ላይ ሌላ። ዚፍ-8ን የፈላ ውሃ አላሸነፈውም፣ በ2014 ግን እርጥበት ባለበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ሲያስቀምጡት ቀስ እያለ ካርቦኔት ወደሚባል ሌላ ነገር እየተለወጠ እንደሚሄድ ታየ፣ ያውም ሳይሞቅ። እኛ ልናስገባው የምናስበው ቦታ ደግሞ በትክክል ያ ነው! ጭስ ማውጫ ውስጥ ውሃ አለ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ፣ አንዳንዴ ሰልፈርም አለ። ለዛ ነው 'ውሃ ውስጥ ከተትኩት ምንም አልሆነም' የሚል ጽሑፍ ሳነብ አሁን አሁን የማላምነው፣ የምትፈትኑት በሚገባበት ነገር ነው እንጂ በቀለለው አይደለም።

(እዚ ጋ ዝናቡ ስለበረታ ትንሽ አቋርጠን ነበር።)

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ መጣሁ። ውሃ አለማፍረሱ አንድ ጥያቄ ነው። ውሃ ባለበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ መያዙ ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱ ሲምታቱ ነው የማየው፣ እውነቱን ለመናገር የሚያናድደኝም እሱ ነው፣ ምክንያቱም የብዙ ወጣት ጉልበት በዚ ላይ ነው የሚባክነው። ቤቱ አልፈረሰም ማለት እንግዳው ገባ ማለት አይደለም፣ ሌላ ሰው ሞልቶበት ሊሆን ይችላል።

ማግኒዚየም ሞፍ-74ን ውሰዱ። በደረቅ ጋዝ ሲለካ አንደኛ ነው፣ ብረቱ አንድ በኩል ክፍት ስለሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጎትቶ ነው የሚያስቀምጠው። ግን ውሃ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበልጥ ብረት ይወዳል፣ አንድ በኩሉ ፖዘቲቭ አንድ በኩሉ ኔጌቲቭ ስለሆነ እንደ ማግኔት ይለጠፋል። በ2011 በታተመ ሥራ ይሄን ሞፍ 70 ከመቶ እርጥበት ያለበት ጋዝ አሳለፉበት፣ መልሰው አድርቀው ሲለኩት መጀመሪያ ከሚይዘው 16 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው የቀረው። ዜኦላይት 13ኤክስ የሚባለው ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ሌላ ቀዳዳ ያለው ጠጣርም እንደዛው ውሃ ካገኘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትዝ አይለውም፣ ግድግዳው አይፈርስም ግን ውሃውን ለማስወጣት በጣም ማጋል አለባችሁ፣ ያ ደግሞ ተመልሶ የአሚኑ ወጪ ነው።

ለዚ ነው ካልፍ-20 የሚባለውን ሞፍ የምወደው። ስሙ ካልጋሪ ፍሬምወርክ ነው፣ ካናዳ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የጆርጅ ሺሚዙ ቡድን ነው የሠራው፣ በ2021 መጨረሻ ላይ ነው ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው። የሚሠራበትን ዕቃ እዩ፣ ዚንክ፣ ትሪያዞል የሚባል ናይትሮጅን ያለው ትንሽ ሞለኪውል፣ ኦክሳሌት የሚባል ሌላ ትንሽ ሞለኪውል። ሁሉም ርካሽ ነው። ዚንኩና ትሪያዞሉ እንደ ወለል ይዘረጋሉ፣ ኦክሳሌቱ ወለልና ወለሉን እንደ ምሰሶ ይዞ ያቆማል። የውስጡ ስፋት በግራም 500 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለት ተኩል ቦታ ማለት ነው፣ ከ35ቱ ጋ ሲተያይ ምንም። ክፍት ብረት የለውም። ወረቀት ላይ ብታዩት ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ግን ቀዳዳው ልክ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሰፋ ነው። ጋዙ ሲገባ መሀል ቦታውን ይይዛል፣ ከግድግዳው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይሳባል። ውሃ ደግሞ ብቻውን መኖር አይወድም፣ አንዱ የውሃ ሞለኪውል ከሌላው ጋ እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሚበረታው፣ መሀሉ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለተያዘ እጅ ለእጅ መያያዝ አይችልም፣ ስለዚ አይረጋም። እስከ 40 ከመቶ እርጥበት ድረስ ከውሃው ይልቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይመርጣል። ከዛ በላይ ውሃው ማሸነፍ ይጀምራል፣ ስለዚ ጭሱን አስተካክሎ ማስገባት ያስፈልጋል፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። ለማስለቀቅ ደግሞ የሚጠቀሙት እንፋሎት ነው፣ ራሱ ውሃ! በእንፋሎት ከ450 ሺ ዙር በላይ ታሽቶ አልፈረሰም። ቫንኩቨር አጠገብ የሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ላይ ተሞከረ፣ አሁን ቢኤኤስኤፍ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ በብዙ ቶን ያመርተዋል። ሲሚንቶ ፋብሪካ ላይ ነው ያልኩት፣ ልብ በሉ፣ ሙገር ያለው ጭስም ያው የኖራ ድንጋይ ጭስ ነው።

ከጭስ ማውጫ ወጣ ብለን ከሜዳ አየር እንያዝ ካልን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ10,000 ሞለኪውል 4 ገደማ ነው፣ ዛሬ ባለው አየር ግን የውሃው ሞለኪውል ከሱ ከ30 እጥፍ በላይ ነው። እኛ ደግሞ ከፍታ ላይ ነን፣ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላብን አገር፣ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ስለዚ አንድ ቀዳዳ ደጃፍ ላይ የሚደርሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድም በአንድ አራተኛ ያንሳል። ሌላ አገር በባህር ወለል ላይ የተለካን ቁጥር አምጥቶ እዚ ይሠራል ማለት አይቻልም፣ እዚሁ መለካት አለበት፣ በእዚሁ ክረምት።

እዚ ላይ ደስ የሚለኝ ነገር ግን አለ። በ2024 የያጊ ቡድን ኮፍ-999 የሚባል የሞፍ ዘመድ አወጣ፣ እሱ ብረት የለውም፣ አጣናው ከአጣናው ጋ የተያያዘው በካርቦንና ካርቦን ነው፣ ውሃም አሲድም አይፈታውም። ቀዳዳው ውስጥ አሚን ተክለውበታል። አሚን ደግሞ ደረቅ ሲሆን አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመያዝ ሁለት አሚን ይፈልጋል፣ ውሃ ካገኘ ግን አንዱ ይበቃዋል፣ ስለዚ እርጥበቱ ይረዳዋል! አሜሪካ በርክሊ ከተማ የውጪ አየር ላይ 100 ዙር ሠርቷል፣ ለማስለቀቅ 60 ዲግሪ ይበቃዋል። ስንፈራው የነበረውን ውሃ ሠራተኛ አደረጉት።

ጥያቄ ላይ አንዲት እናት ተነሱ፣ እንዲህ አሉኝ፣ "አንቺ ልጄ፣ ሁሉን ነገርሽን፣ የያዛችሁትን የት ነው የምትደፉት?" እትዬ፣ ይሄን ጥያቄ ብዙ ምሁር አይጠይቅም። ኖርዌይ ከ1996 ጀምሮ ከባህር በታች አለት ውስጥ ታስገባለች። አይስላንድ ውስጥ ውሃ ውስጥ አሟሙተው፣ ያው እንደ አምቦ አድርገው፣ ባዛልት ድንጋይ ውስጥ ይቀብሩታል፣ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ አብዛኛው ድንጋይ ሆኖ ተገኝቷል። ከኖራ ድንጋይ ያወጣነው ተመልሶ ድንጋይ ሆነ ማለት ነው። እኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል፣ የቤታችሁ መሠረት የተሠራበት፣ ግን የትኛው ቦታ ይይዛል የሚለው ተቆፍሮ ተጠንቶ ነው የሚታወቀው፣ እንዲሁ አለን ብዬ አልዋሽዎትም።

አንድ ወጣት ዛፍ መትከል አይሻልም ወይ አለ። ሁለቱንም ነው የምለው። ኮፍ-999ን የሠሩት ሰዎች 200 ግራሙ በዓመት 20 ኪሎ ይይዛል፣ የአንድ ዛፍ ያህል ነው ብለዋል። ዛፉ ጥላም ይሰጣል አፈርም ይይዛል፣ ይተከል። ከሲሚንቶ ፋብሪካ አፍ የሚወጣውን ጭስ ግን ዛፍ ቆሞ አይጠብቅልህም።

መጨረሻ ላይ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ "እኛ ትምህርት ቤት ማሽን የለንም፣ ምን መሞከር እንችላለን" አለች። የእርጥበት መፈተሻ በብዙ ሺ ዶላር ይሸጣል፣ ግን የማርማላታ ብርጭቆ ይበቃሻል። የገበታ ጨው በትንሽ ውሃ በጥብጪው፣ ታች ያልሟሟ ጨው እስኪቀር ድረስ፣ እና ክደኚው። እዛ ብርጭቆ ውስጥ ያለው አየር እርጥበቱ 75 ከመቶ ላይ ይቆማል፣ አይወጣም አይወርድም፣ ላቦራቶሪም ውስጥ የምንጠቀምበት ዘዴ ነው። ከጨው ውሃው በላይ በትንሽ ክዳን ላይ ዱቄትሽን አስቀምጪ፣ ውሃው እንዳይነካው። አንዱ ላይ የተፈጨ ከሰል፣ አንዱ ላይ የጫማ ካርቶኗን ፍሬ፣ አንዱ ላይ ሲሚንቶ። በየቀኑ መዝኝ፣ የጨመረው ክብደት ከአየሩ የወሰዱት ውሃ ነው፣ ሁለት ሳምንት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሚሊግራም የሚያነብ ሚዛን ይዤ እመጣለሁ፣ ብርጭቆውንና ጨውን እናንተ አምጡ።